በቀይ ቀበሮዋ ደጅ የነበረው ድንጋይ

ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ክረምቱ ገብቷል፤ ጉሙ ከጓሳው ሣር ላይ አልነሣ ብሏል። ጠጋ በሉና ስሙ፤ ያን ጊዜ እንስሳም ድንጋይም በትርም ይናገር ነበር።

በዚያ ደጋ ታፈረ የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ ይመርጣል። ያለችው አንዲት ዳማ ባዝራ ናት። ሁለት ጊዜ ጨንግፋበታለች፤ አሁን መውለጃዋ ደርሷል። ይህም ውርንጭላ ከሞተ ሌላ ተስፋ የለውም።

አንዲት ቀይ ቀበሮ ግን በየማለዳው እየመጣች ከባዝራዋ ራቅ ብላ ትቀመጣለች።

ጎረቤቱ ድንቁ አይቶ፣ «ተኝተሃል እንዴ ታፈረ? ይህች ቀይ ለሰላምታ የመጣች መሰለህ? ውርንጭላው መሬት ሲነካ ልትቀረጥፈው ነው!» አለው።

ታፈረ ቀበሮዋ ለአደን ስትወጣ ጠብቆ፣ ግልገሎቿ ያሉበትን ጉድጓድ በትልቅ ድንጋይ ደፈነው። ከዚያ ሽመሉን ይዞ ባዝራዋ አጠገብ ቆመ።

ረፋድ ላይ ቀበሮዋ መጣች።

«ጋሽ ታፈረ፣ ልጆቼ ጡት ይፈልጋሉ። ድንጋዩን ያንሱልኝ።»

«ልውረድባት?» አለ ሽመሉ።

«ቆይ» አለው ታፈረ። ቀበሮዋንም፣ «ውርንጭላዬን ልትበዪ ነው የምትመጪ» አላት።

«የኔ ምግብ ፍልፈል ነው። ከባዝራዋ የምጠብቀው የእንግዴ ልጁን ብቻ ነው።»

«ሂጂ!»

ሄደች። ከገብሱ ማሳ ሥር ፍልፈሎች እልል አሉ። «ድንጋዩን ያስቀመጠ እጅ ይባረክ! ዕድሜ ለታፈረ!» ታፈረ ቅንድቡን ቋጠረ። የፍልፈል ምርቃት ደስ አላለውም።

ቀትር ላይ ቀበሮዋ በጭላዳዎች መንጋ መሀል አቋርጣ መጣች። ጭላዳዎቹ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ሣር ይነቅላሉ፤ አንዷም አልሸሸች።

«አንቺ፣ ልጅ አዝለሽ ቀበሮ አትፈሪም?» አላት ታፈረ አንዲቱን አሮጊት።

«ነብር ሲመጣ ገደል እንገባለን» አለች ጭላዳዋ እያኘከች። «ከዚህች ጋር ግን አብረን ነው የምንውለው። አንድም ልጅ አልጎደለብን። አንተ ሰውዬ፣ ማን ነገረህ?»

«ድንቁ።»

«እሱ አይቷል?»

ታፈረ ፊቱን ወደ ባዝራዋ አዞረ።

«ጋሽ ታፈረ፣ የልጆቼ ድምፅ ቀጥኗል። ያንሱልኝ» አለች ቀበሮዋ።

«ልውረድባት?» አለ ሽመሉ።

«ቆይ። መጀመሪያ ውርንጭላዬ ይወለድ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ባዝራዋን ምጥ ያዛት፤ ተኛች። ቀበሮዋም መጥታ ተቀመጠች። ታፈረ ሽመሉን አነሣ።

«ታፈረዬ፣ እሱን አውርድልኝ» አለች ባዝራዋ እያቃሰተች። «የሚያስፈራኝ የሱ ማንዣበብ ነው። እሷንማ አውቃታለሁ።»

ውርንጭላው ተወለደ። ተነሣ፣ ወደቀ። እንደገና ተነሣና እየተንገዳገደ ቀበሮዋ አፍንጫ ሥር ደረሰ። ታፈረ ሽመሉን አጥብቆ ያዘ። ቀበሮዋ አሸተተችው፤ ከዚያ ወደ ጎን ዘወር ብላ አሳለፈችው።

«የእርስዎ ልጅ ቆመ፣ ጋሽ ታፈረ። የኔን ይስጡኝ።»

«ልው…» ሲል ሽመሉ፣ ታፈረ መሬት ላይ ጣለው።

ያ ደርባባ ሰው ሮጠ። ድንጋዩን በደረቱ ገፋው።

«እኔ ድንጋዩ እንኳ አለቀስኩ፤ አንተ የት ነበርክ?» አለው ድንጋዩ እየተንከባለለ።

ግልገሎቹ እየተንፏቀቁ ወጡ። አንዱ የማይንቀሳቀስ መሰለ፤ ታፈረ በጋቢው ጠቅልሎ እፍ እፍ አለበት። እግሩን ሲያወራጭ ከእናቱ ሥር አስጠጋው።

«ይቅር በይኝ» አላት።

የእንግዴ ልጁንም ራሱ ተሸክሞ ከጉድጓዱ ደጅ አኖረላት። በማግሥቱ ድንቁ ቤት ሄዶ፣ «አይቻለሁ» አለው፤ ሌላ አልጨመረም። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውንም ሣር እንዳይታረስ ወሰነ፤ ድንጋዩን ወስዶ ድንበር አደረገው።

በሰው ወሬ የተደፈነ ጉድጓድ በገዛ እጅ ይከፈታል። ተረቴ ለእናንተ፣ ገብሱ ለጎተራ።