ቀዝቃዛው ዱቄት

ተረት አለኝ ተረት፣ ካያት የቀረ ሀብት። ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብሰብ አድርግ። የሚያንቀላፋ ካለ ከአሁኑ ሄዶ ይተኛ፤ ተረቴን ለማንኮራፊያ አልሰጥም።

ድሮ ድሮ፣ ዙሪያዋን ተራራ በከበባት አንዲት መንደር ትርንጎ የምትባል ባልቴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። የነበራት አንዲት ጊደር፣ ወንዝ ዳር ያለች ቁራሽ መሬትና የእናቷ የድንጋይ ወፍጮ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን እህል የሚፈጨው በእጅ ነበር። ሴቶቹ ገና ሳይነጋ ይነሳሉ። ተንበርክከው መጁን ይገፋሉ። ወገብ ይቆረጣል፣ መዳፍ ይላጣል። ትርንጎ ግን ያን ሰዓት ትወደው ነበር። ከየጎጆው የመጅ ድምፅ ይሰማል፣ እንጉርጉሮ ይሰማል። ጎረቤቷ አንጓች ከአጥር ወዲያ ስታንጎራጉር ትርንጎ ከአጥር ወዲህ ትቀበላታለች። ሲነጋ ሁሏም ወደ ባሏ፣ ወደ ልጇ ትዞራለች። ትርንጎን እስከ ማግስቱ የሚያናግራት የለም።

በመንደሯ አንድ ልማድ ነበር። የሰው ማዕድ የበላ፣ ጋባዡን እምቢ አይልም። ነውር ነው። «ጉርሻ የተቀበለ አፍ ክፉ አይመልስም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ሸማው የነጣ ነጋዴ መጣ። በሬ ጣለ፣ ጠላ አስቀዳ፣ መንደሩን ጠራ። ትርንጎን የጠራት አልነበረም፤ ባልቴትን ማን ያስታውሳል? ነጋዴው ተራራው ጫፍ ላይ ሸራ የለበሰ እንጨት አቆመ። ነፋሱ መጣ፤ እንጨቱ ዞረ፣ ድንጋዩም ዞረ።

«ይህ የነፋስ ወፍጮ ነው» አለ። «መንደራችሁ መሃል እተክለዋለሁ። ከብት የሰጠኝ ሁሉ ከወፍጮው ድርሻ አለው። እሱ ይፈጫል፣ እናንተ ትተኛላችሁ።»

የበላ አፍ ምን ይላል? ሁሉም እሺ አለ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ትርንጎ ደጅ ድረስ መጣ።

«እመት ትርንጎ፣ ጊደርሽን አምጪ። ከሰው አትነጠዪ።»

ትርንጎ ብቻዋን ተራራውን ወጥታ ዕቃውን አየችው። ዞር ዞር ብላ አየችው። ወርዳም ጭቃ ሹሙን፣ «ጌታዬ፣ ቀልቤ አልወደደውም» አለችው።

«ምን አገኘሽበት?»

«እንጃ። ልቤ እምቢ አለኝ።»

«ልብሽ ደግሞ ስለ ወፍጮ ምን ያውቃል?» ብሎ ሳቀ። «ይሁን። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ብሏት ሄደ።

ይህች ቃል ትርንጎን አስለቀሰቻት። ልጆች፣ ብቸኛን ሰው ብቸኛ ነህ አትበሉት፤ ያውቀዋል።

ነጋዴው ወፍጮውን መሃል መንደር ተከለ፣ ከብቱን ነዳ፣ ሄደ። እንጨቱም ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ እንደ ቆመ ቀረ። የመኸሩ ጊዜ ሲደርስ ገበሬዎቹ አውድማ ላይ መንሻቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ነፋስ ይለምኑ ጀመር፤ ያለ ነፋስ ገለባ ከፍሬ አይለይማ። «ና ነፋስ! ና አንተ ነፋስ!» ይላሉ። ነፋስ የለም። ትርንጎ ልቧ ምን አይቶ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። በየዓመቱ ነፋስ ሲለምኑ የሚውሉ ሰዎች የነፋስ ወፍጮ ገዝተው አረፉት! እጃቸው ያውቅ ነበር። አፋቸው ግን ሥጋ ይዞ ነበር።

ታዲያ አመሰገኗት? ምን ሲደረግ! «አሟርታብን ነው» አሏት። ውሃ ስትቀዳ እንኳ የሚጠብቃት ጠፋ።

ሰንበትበት ብሎ ጢሙ የረዘመ ሌላ ሰው መጣ። እሱም በሬ ጣለ፣ እሱም ጠላ አስቀዳ። «ያ ሌባ ነው፤ ጥበቡን ከእኔ ሰርቆ ነው ያታለላችሁ» አለ። «የእኔ ወፍጮ ነፋስም አይፈልግ፣ ጉልበትም አይፈልግ።» አንድ ትልቅ ሣጥን አሳየ። ከላይ ጤፍ ይጨምራል፣ ከታች ዱቄት ይወርዳል።

በዚህኛው ድግስ አንጓች በአጥር ላይ ብቅ አለች። «እትዬ ትርንጎ፣ ነይ እንጂ፣ አብረን እንቀመጥ።»

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ሮጠች። ከሰው መሃል ተቀመጠች። አንጓች አጎረሰቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያጎረሳት ሰው አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ ሰውየው በየሰዉ እጅ ላይ ዱቄት እየቆነጠረ ሲያዞር ለእሷም ደረሳት። ዱቄቱ መዳፏ ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነው። ልቧ ድንግጥ አለ።

አፏ ግን ሙሉ ነበር። ጭቃ ሹሙም «እህታችን መጣችልን!» አለ። ትርንጎ ልቧን «ዝም በል፣ ዛሬ እንኳ ዝም በል» አለችው። ጊደሯን ፈትታ ሰጠች።

ሰውየው ከብቱን ይዞ ከተሰወረ በኋላ ሣጥኑ አልፈጭ አለ። ሲከፍቱት፣ ጤፉ እንዳለ ከሥር ተከማችቷል፤ ከጎኑ ባዶ የዱቄት ስልቻ ተንጠልጥሏል። ገና የተፈጨ ዱቄት እጅ ያሞቃል፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ መጅ የገፋች ሴት ታጣዋለች? «ልቤ ነግሮኝ ነበር» አለች ትርንጎ ባዶ በረቷን እያየች። «ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

በሦስተኛው ጊዜ አበጀ የሚባል አቧራ የጠጣ ሰው መጣ። ድግስ የለው፣ ነጭ ሸማ የለው። በጨርቅ የቋጠረው ቆሎ ነበር። ወንዙ ላይ ውሃ የሚገፋው ትንሽ መዘውር አቁሞ ትንሽ ድንጋይ ያዞራል። «መሬት የሚሰጠኝ ካለ ትልቁን ሠርቼ እኩል እንካፈላለን» አለ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ጭቃ ሹሙ፣ «እነዚያስ አብልተው ሰረቁን፤ ይሄ ደግሞ ሳያበላ ሊሰርቀን ነው!» ብሎ አስባረረው።

ትርንጎ ግን ሰውየው ዕቃውን ሳያነሳ ብቻዋን ወንዝ ወረደች። ከራሷ ቤት እፍኝ ገብስ ይዛ ነበር። አስፈጨች። ዱቄቱን በመዳፏ ተቀበለችው። ሞቀ። እዚያው ተቀምጣ ውሃውን ስትሰማ፣ ድንጋዩን ስታይ ዋለች። ልቧ አልደነገጠም።

«ለምን አልደገስክም፣ ልጄ?»

«ያለኝን ሁሉ ድንጋይ በላው፣ እናቴ።»

«በል እዚያች መሬቴ ላይ ትከል። ሌላ የለኝም።»

መንደሩ አበደች አለ። አንጓች እንኳ ባሏን ፈርታ እንጉርጉሮዋን መቀበል ተወች። ትርንጎ ያን ክረምት የዘፈነችው ለግድግዳው ነው።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ወንዙ እንደ ሞላ፣ ትልቁ ድንጋይ ዞረ። እናት ከነልጇ፣ አህያ ከነስልቻው ወንዝ ዳር ተሰለፈ። ከየስልቻው አንድ ቅል ለአበጀ፣ አንድ ቅል ለትርንጎ ሆነ። ጎተራዋ ሞላ።

ይህን ወሬ የሰማ አንድ ጥምጥም የጠመጠመ ሰው ደግሞ ሣጥን ይዞ መጣ። በሬ ጣለ። አሁን ግን የተቀመጠ የለም። ጭቃ ሹሙ አንገቱን ደፍቶ፣ «እመት ትርንጎን ጥሩልን» አለ።

ሰውየው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ፣ «እንኪ፣ እናቴ» አላት።

«ጉርሻህ ይቆየኝ። መጀመሪያ ይህን ፍጭልኝ» አለችና ጥቁር ዳጉሳ ሰጠችው። ከላይ ጥቁር ዳጉሳ ገባ። ከታች ነጭ ዱቄት ወረደ። ሰዉ ሳቀ፣ ከዚያ ሰውየውን ያዘው። በግርግሩ ጥምጥሙ ወደቀ። ለካ የነፋሱም ሰው እሱ፣ ባለጢሙም እሱ! የመንደሩን ከብት እስኪመልስ ድረስ ከየቤቱ ድንጋይ ሥር እያንበረከኩ በመጅ አስፈጩት። መዳፉ ተላጠ። ከብቱ ተመለሰ፤ የትርንጎም ጊደር ጥጃ አስከትላ ገባች።

ተረቱ ያለቀ መሰላችሁ? ቁጭ በሉ።

ትርንጎ እንደ ልማዷ ሳይነጋ ነቃች። ጆሮዋን ጣለች። ምንም የለም። የሚፈጭ የለም፣ የሚያንጎራጉር የለም፤ ሁሉም ተኝቷል። እህሏ ሞልቶ፣ ከብቷ ተመልሶ፣ ያቺ የምትወዳት ሰዓት ጠፋች። ይህን ልቧ አልነገራትም ነበር። ልብ ሁሉን አይናገርም፣ ልጆቼ።

ተንበረከከች። እህል ሳትጨምር ባዶውን መጅ ገፋች። ቀስ ብላ አንጎራጎረች። ዝም። ደግማ አንጎራጎረች። ዝም። ሦስተኛ ስታንጎራጉር ከአጥር ወዲያ የአንጓች ድምፅ ተቀበላት። ቀጥሎም አንጓች እራሷ ድፎዋን ይዛ ገባች።

ትርንጎ ዳቦውን አየች፣ አንጓችን አየች። «ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ምንም፣ እትዬ። አፍሬ ነው የቆየሁት። ድምፅሽ ናፍቆኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብላ ቆርሳ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

ሙቅ ነበር። ትርንጎ በላች።

እንግዲህ አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። አያቴ ደግሞ ትጨምርበት ነበር፦ «ጉርሻ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አይዘጋም።»

ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ በእጃችሁ ዳስሳችሁ ከሞቀ ብሉት፣ ከቀዘቀዘ መልሱልኝ።