የተቆረጠችው ቀን

አንድ ሰው ነበረ። ኮድ ጸሐፊ ነበር፤ ኮምፒውተር የሚታዘዘውን ትእዛዝ መስመር በመስመር እየጻፈ እንጀራውን የሚበላ።

ርብቃ፣ የጠየቅሽኝን ረስቼ አይደለም። «ጋሽ ጥላዬ፣ አዲሱ መለኪያ የተወሳሰበውን ኮድ ሁሉ በቀይ እያሳየን ነው፤ ቀይ የሆነውን እየቆረጥን እንጣለው?» ብለሽኛል። አዎ ወይም አይ ብልሽ ነገ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ በይና የዚህን ሰውዬ ነገር ስሚ።

ሰውየው የሚሠራው ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸውን በማሽን በሚያሳጥቡበት ማእከል ውስጥ ነበር። ማእከሉ የአንድ ባለጸጋ ነው። ሕመምተኞቹ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይመጣሉ። ተራው ያለፈው ሰው እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከዚያም በላይ ከቆየ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። ተራ የሚሰጠው ደግሞ ፕሮግራሙ ነው። ባለጸጋው በዘመድና በትውውቅ ተራ የሚነጥቅ ሰው ስላስመረረው፣ ፕሮግራሙ ስሙን ላልጠራው ሰው ማሽን እንዳይከፈት አዞ ነበር። ሲያዩት ደግ ትእዛዝ ነው። ድሀውም ባለሥልጣኑም እኩል ይጠብቃል።

ያን ፕሮግራም የጻፉት አንድ ሽማግሌ ናቸው። መሠረቱ ከውጭ አገር ተገዝቶ የመጣ ስለነበር አሥራ ሁለት ወር እንጂ አሥራ ሦስት ወር አያውቅም። ሽማግሌው የእኛን አቆጣጠር ቀጠሉበት፤ በዓላቱን ጨመሩበት፤ ሲሰበር እየጠገኑ፣ እዚህም እዚያም «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» እያሉ ሲያክሉበት ኖረው ጡረታ ወጡ። ሠሩት እንጂ ለምን እንደሠሩት አንድ ቃል አልጻፉም። ይህ የእሳቸው ኃጢአት ነው፤ አልሸፍንላቸውም። በኋላ ኩላሊታቸው ከዳቸውና በገዛ ፕሮግራማቸው ስማቸው እየተጠራ ከሚታጠቡት አንዱ ሆኑ።

ኮዱን የተረከበው ያ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በብስጭት አሳለፈው። ተራ የሚያሰላውን ክፍል በከፈተ ቁጥር መንታ መንገድ ገብቶ ሳይወጣ ሌላ መንታ ይመጣበታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። ሽማግሌውን በልቡ ያማቸው ነበር። አልፈርድበትም፤ ኮዱ አስቀያሚ ነበር።

አንድ ቀን ባለጸጋው መለኪያ ገዝቶ መጣ። መለኪያው ኮዱን ያነብና በየቁራጩ ውስጥ «እንዲህ ከሆነ» የሚል ስንት መንታ መንገድ እንዳለ ይቆጥራል፤ ነገ ለሚጠግነው ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገምታል፤ ከዚያ ቀለም ይቀባዋል። አረንጓዴው ጤነኛ፣ ቀዩ በሽተኛ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ባለጸጋው ግን በትልቅ ስክሪን አድርጎ መግቢያው አዳራሽ ላይ ሰቀለውና «ከአዲሱ ዓመት በፊት አንድ ቀይ እንዳላይ» አለ። ሰውየው በልቡ ደስ አለው። የጠላውን ኮድ የሚቆርጥበት ፈቃድ አገኘ።

ሥራውን ጀመረ። ያን ረጅም ክፍል ቆራርጦ ትንንሽ ቁራጭ አደረገው። እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት መንታ ብቻ ስለያዘ አረንጓዴ እየሆነ በራ። ሸክሙ እኮ አልቀነሰም፤ አንድ ስልቻ የነበረው በሃያ ከረጢት ተከፋፈለ እንጂ። ድሮ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋ የነበረ አንባቢ አሁን ሃያ ቦታ መጥፋት ቻለ። መለኪያው ግን ከረጢት ከረጢቱን ስለሚመዝን ጎበዝ አለው።

በዚህ መካከል የነርሶቹ አለቃ ሲስተር አስካለ ወደ ቢሮው መጣች።

«ወንድሜ፣ ተራ የምናቀያይርበት ነገር ዛሬም አስቸገረን። በየሳምንቱ ነው የሚበላሸው፤ አንተም በየሳምንቱ ነው የምትነካካው። እባክህ አንዴ እሱን አስተካክልልን» አለችው።

ሰውየው ከፍቶ አየው። አጭር ቁራጭ ነው፤ አረንጓዴ ነው። «እሱ እኮ ጤነኛ ነው፤ ይኸው እይው» ብሎ ቀለሙን አሳያት። ሲስተር አስካለ ቀለሙን አየች፣ እሱንም አየችው፣ ወደ ሕመምተኞቿም ተመለሰች። መለኪያው መንታ ይቆጥራል እንጂ የሰው እጅ ስንቴ እንደሚገባበት አይቆጥርም። ሰውየው ያውቅ ነበር፤ እጁ የራሱ ነዋ። ግን አረንጓዴውን የሚጠግን ሰው ማን ያመሰግነዋል?

በመጨረሻ አንዲት ቀይ ቋጠሮ ብቻ ቀረች። ቋጠሮዋ ዓመት ሲያልቅ ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ታካፍላለች፤ ሦስት ከተረፈ በጠመዝማዛ መንገድ ታልፍና አንድ ነገር በአንድ ትጨምራለች። ምን እንደምትጨምር፣ ለምን እንደምትጨምር የሚናገር የለም። መለኪያውም ሌላ ምስክርነት ሰጠባት፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ፕሮግራሙ በዚያች መንገድ አንድ ጊዜ እንኳ አላለፈም። «የሞተ ኮድ ነው» አለ ሰውየው።

ለአራት ተካፍሎ ሦስት የሚተርፍ! ይህ ሰው እኮ በልጅነቱ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያለ ዓመታቱን በዜማ የቆጠረ ሰው ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ ስድስት እንደምትሆን ቤቱ ውስጥ ቢጠይቁት ሳያስብ ይመልሳል። ቢሮ ሲገባ ግን ያን ሁሉ እውቀት ከኮቱ ጋር በሩ ላይ ሰቅሎት ይገባል። ኮድ ውስጥ የገዛ አገሩ ትኖራለች ብሎ አልጠበቀም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ልጠይቅ ቢል የሚጠየቁት ሰው ሩቅ አልነበሩም። ሽማግሌው ተራቸው በደረሰ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ከዘራቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። ሰውየው «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል። መጠየቅ ያፍር ነበር፤ ይህን ያህል ተምሮ ይህ ጠፋው እንዳይባል። የዚያን ቀን ግን ሽማግሌው ራሳቸው ጠሩት።

«እንዴት ነው ልጄ፣ የእኔ ዝብርቅርቅ እንዴት ሆነልህ?»

«አንዲት ብቻ ቀርታለች ጋሼ። ነገ እሷም አረንጓዴ ትሆናለች።»

«ተባረክ። እኔ እንኳ ሳስበው አፍርበት ነበር» አሉ።

ሁለት የሚያፍሩ ሰዎች ተያዩ፤ አንዱም መጠየቅ ያለበትን አልጠየቀም። ሰውየው ቢሮው ገብቶ ቋጠሮዋን ቆረጣት። ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ሠራ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ፤ ባለጸጋው እንግዶች ጠርቶ አሳየ፤ ሰውየውንም በሰው ፊት አቀፈው።

ከዚያ ጳጉሜ ገባች። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ቀን ሰውየው በግ ገበያ ዋለ፤ የአንዱን ሙክት ላት እየዳበሰ «ሉቃስ ይባረክ፣ አንድ የገበያ ቀን ጨመረልን» እያለ ከባለበጉ ጋር ይቀልዳል። ስልኩ ጮኸ። ሲስተር አስካለ ነበረች።

«ዛሬ ስም የሚጠራ የለም። ፕሮግራሙ ትናንት ጳጉሜ አምስት ብሎ አደረና ዛሬ መስከረም አንድ ነው፣ በዓል ነው ብሎ ማሽኖቹን ዘግቷል። ሰዎቹ መጥተው ተቀምጠዋል። በእጅ ላስገባቸው ብል ያ ማቀያየሪያ እንደ ልማዱ ተበላሸብኝ። ድረስልኝ!»

«ስክሪኑ ምን ይላል?» አላት።

«አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያው ከኮዱ አይደለም፤ ኔትወርክ ይሆናል። ከበዓል በኋላ አየዋለሁ» አለና ስልኩን ዘጋ። በጉንም ተከራክሮ ገዛ።

ሽማግሌው ከአግዳሚው ሆነው የሲስተርን ንግግር ሰምተው ነበር። «ትናንት አምስት፣ ዛሬ መስከረም ነው ያልሽው?» አሏት። «አዎ ጋሼ» አለች። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ሉቃስን ቆርጦታል» አሉ። «ምነው በጠየቀኝ። ምነው እኔስ በጻፍኩት።»

ሲስተር አስካለ ስልክ እየደወለች፣ ታክሲ እየለመነች፣ ሰዎቹን ወደ ሌሎች ማእከላት አንድ በአንድ ላከች። በመጨረሻ ሽማግሌውና አንዲት እናት ቀሩ፤ የተገኘው ቦታ አንድ ነው። ሽማግሌው «እሷ ትሂድ። የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው» ብለው ተነሡ። ሲስተር ብትለምናቸውም እምቢ አሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ በገዛ እጃቸው የሠሩት በር ተዘግቶባቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ በዓል ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ቤቱ ነበር። መስከረም ሁለት ማእከሉ ሲከፈት ፕሮግራሙ ያለፈውን ተራ አስታውሶ ከሁሉ አስቀድሞ የሽማግሌውን ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ። የሚመልስ አልነበረም። ሰውየው መርዶውን ሲሰማ የበጉ ሥጋ ገና አላለቀም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ስብሰባ ተጠራ። ሰውየውን የቀጣው የለም። መለኪያው ምስክር ቆመለት፤ ኮዱ አረንጓዴ ነበር ተባለ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ቢቀጡት ይሻለው ነበር። ቢሮው ገብቶ ቋጠሮዋን በቦታዋ መለሳት፤ ከላይዋም ስለ ጳጉሜና ስለ ሉቃስ፣ ማን እንደጻፋትና ማን እንደቆረጣት ጻፈ። አዳራሹ ውስጥ ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ በራች። ባለጸጋው ሲያያት «ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት? አጥፋት» አለ። ሰውየው «አላጠፋትም» አለ። ጧት ጧት ሲገባ በሥሯ ያልፋል፤ ቀና ብሎ ግን አያያትም።

እንግዲህ ርብቃ፣ ያ ሰው አንቺ እንዳትሆኚ ነው የነገርኩሽ። ስክሪን የሚሰቅል ባለጸጋ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የእኛም ቤት አልጎደለውም። መለኪያሽን አልሰድብም። «እዚህ ቦታ ሰው ይጨነቃል» ብሎ ጠቁሞሻል፤ እውነቱን ነው። «ቁረጪው» ያለሽ ግን እሱ አይደለም፤ ያ ያንቺ ምሬት ነው። ቀዩ የሚመግል ቁስል ይሁን የዳነ ጠባሳ፣ ቁጥሩ አይለይልሽም። ከአረንጓዴውም መካከል በየሳምንቱ የሚያስለቅስሽ አለ፤ እጅሽ ቶሎ ቶሎ የሚገባበትን እሱን አስቀድመሽ አቅኚ። ቋጠሮ አይፈታ አላልኩም። አውቀሽ ፍቺው፤ ስትጨርሺም ለምን እንደሆነ ጻፊ፤ ከኋላሽ የሚመጣው መጠየቅ እንዳያፍር።

አሁን ያን ላፕቶፕ ዝጊው። ቀይ ነው ያልሽኝን ክፍል የጻፉት ጋሽ ታፈሰ ናቸው፤ ታች ቤት ዕቃቸውን በካርቶን እያሸጉ ነው፤ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ውረጂና «ጋሼ፣ ይህን ለምን ጻፉት?» በያቸው። ስማቸው ሲጠራ አቤት የሚሉት ዛሬ ነው።