የተደፈነው ስንጥቅ

አንዲት ሴት ሻኪሶ አጠገብ ወርቅ ትቆፍር ነበር። ጉድጓዱን ከሁለት ሰዎች ጋር ነበር የጀመረችው። አራት ወር ሙሉ ቆፍረው ምንም ወርቅ ሲያጡ ሁለቱም ትተዋት ሄዱ። ዝናቡ ሊገባ አሥር ቀን ቀረው። ዝናብ ከገባ ጉድጓዱ በውሃ ይሞላል፤ እሷም ቤቷን ዘግታ፣ ልጆቿን ይዛ የወንድሟ ጥገኛ መሆኗ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቷ አቶ ቦሩ መጡ። ድሮ በማዕድን ማውጫ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ግድግዳውን ዳሰሱ። አንዱ ጎን በድንጋይ ተጠቅጥቋል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የተሰነጣጠቀ ነው አባባ። እንዳይናድብን ደፈንነው። እኔ የምቆፍረው በዚህ በኩል ነው፤ ምንም እንከን የለውም።»

«ልታገቢው ነው እንዴ እንከን የሌለውን የምትመርጪው?»

ሳቀች። ከሳቀች ሰንብታ ነበር።

«ስሚ ልጄ» አሉ። «እታች፣ በጣም ጥልቅ ቦታ፣ የጋለ ውሃ አለ። አለት ተጭኖታል። ወርቁ ሟሙቶ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ አለቱ ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ሽቅብ ይመጣል። ግፊቱ ሲቀልለት የተሸከመውን ያራግፋል። የተራገፈው ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሆናል፤ ወርቁም እዚያው ይቀራል። አንቺ የደፈንሽው በሩን ነው።»

«ቢናድብኝስ?»

«ግንድ እናቆምለታለን። ብቻሽን አትገቢም።»

ግንድ አቆሙ። ስንጥቁን የደፈነችበትን ድንጋይ በገዛ እጇ አወጣችው። በስድስተኛው ቀን ከስንጥቁ የቆፈረችውን ነጭ ድንጋይ ወቅጣ በገበቴ አጠበችው። ከሥሩ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ቢጫ ቀረ፤ ቀጥሎም ሌላ። ብዙ አልነበረም። ቤቷን ሳትዘጋ ለመክረም ግን በቃት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የት ነው የምትቆፍሩት? የትኛውን ስንጥቅ ደፍናችሁ ነው በደህናው በኩል የምትደክሙት?

መሰበር መልካም ነው አልላችሁም። የሚላችሁንም አትመኑት። ስንጥቁ ወርቅ አልሠራም። ወርቁ የመጣው ከጥልቅ ነው፤ ስንጥቁ መንገድ ሆነለት እንጂ። እግዚአብሔርም ወደ እኛ የሚደርስበት መንገድ አያጣም። መንገዱን የምንደፍነው እኛ ነን።

የሞተባችሁን ሰው ስም በቤታችሁ ማንሣት ያቆማችሁ አላችሁ? ልጆቹ እንዳያለቅሱ ብላችሁ? እናንተ እንዳታለቅሱ ብላችሁ?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ስሙን ጥሩት። ቢከብዳችሁ፣ አብሯችሁ የሚቀመጥ ሰው ጥሩ። ለልጆቹም አሟሟቱን ብቻ አትንገሯቸው፤ ምን ያስቀው እንደነበር ንገሯቸው።