ከባነር የተሰፋ ዘንቢል

መልስ የማይቸግራት አንዲት ሴት የስብሰባ ባነር እየለቀመች ዘንቢል ትሰፋ ነበር። ባነር ቀን ስለሚጻፍበት ስብሰባው ካለቀ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ ቀን ደረቱን የነፋ አዲስ ኃላፊ እሷንና መሰሎቿን አዳራሽ ሰብስቦ ስለ ቁጠባ ሲናገር ዋለ። በመጨረሻም ዘንቢሏን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣

«ይሄም ሥራ ሆኖ ነው? ባነሩ ነገ ቢያልቅብሽስ? እንደማያልቅ ካላሳመንሽኝ የምትሰፊበትን ሼድ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ!» አላት።

ሴትዮዋ ግን ዓይኗን ከኃላፊው አናት በላይ ከተሰቀለው አዲስ ባነር ላይ አልነቀለችም።

«በእሱስ አይስጉ ጌታዬ» አለችው። «እርስዎ ስብሰባ እስካላቆሙ ድረስ አያልቅም። የዛሬውንም ስለ ቁጠባ ሲነግሩን በዓይኔ ስለካው ነበር፤ ሁለት ዘንቢል ይወጣዋል። ብቻ ሲያወርዱት እንዳይቀደድብኝ አደራ!»