የምንትዋብ ፔጆ ዳሽቦርድ

ጆሮ ያለው ያውሰኝ፣ ቸኩሎ የሚያልፍም ትንሽ ይቁምልኝ። ነገሩ ሲጀመር ትንሽ ነበር። የድሬዳዋው አቶ ክንፈ ሐረር ያሉትን ታላቅ እህታቸውን ማየት ፈለጉ። ይኸው ነው።

እህታቸው እትዬ የሺመቤት በጠና ታመዋል። ከአልጋቸው ሆነው «ክንፈ መጣ?» ይላሉ። ጥቂት ያሸልቡና ደግመው ይጠይቃሉ። የአቶ ክንፈ አንድ እግር ደግሞ ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት በጀሶ ታስሯል። አይታጠፍም፣ ሚኒባስ አያስገባም። ቀኑ ቅዳሜ ነውና የኪራይ መኪና ሁሉ ሠርግ ላይ ነው። ልጃቸው ምንትዋብ ግን አሮጌ ፔጆ አላት። ፔጆዋ በቆመችበት በመካኒኩ ሙሣ ጋራዥ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ነቅላ ፍራሽ አነጠፈችና ለአባቷ እግር መዘርጊያ ሠራች። ከዚያ ቁልፉን ልትቀበል ወደ ሙሣ ሄደች።

«አልሰጥሽም» አለ ሙሣ።

የፔጆዋ ዳሽቦርድ ሽቦ ተገናኝቶ ተቃጥሎ ነበር። የፍጥነቱ፣ የነዳጁ፣ የሙቀቱ መርፌ ሁሉ ቀልጦ በቦታው ጥቁር ጉድጓድ ቀርቷል። መለዋወጫው ስለማይገኝ አዲስ በእጅ እየተሠራላት ነው።

«ራዲያተሩ አርጅቷል» አለ ሙሣ። «ወደ ሐረር ስትወጪ ደንገጎ ዳገት መሃል ፈልቶ ሞተሩ ነክሶ ቢቆምብሽ፣ አባትሽን ይዘሽ ወደ ኋላ ነው የምትንሸራተቺው። ሙቀቱን የሚያሳይ መርፌ ሳይኖርሽ አትወጪም።»

«አክስቴ እየደከሙ ነው፣ ሙሣ።»

«እንድትደርሺ ብዬ ነው የምከለክልሽ።»

ምንትዋብ ወደ ኤሌትሪሻኑ በድሉ ሮጠች። «በድሉ፣ መርፌውን ዛሬ ግጠምልኝ። እትዬ የሺመቤት ወንድማቸውን ይጠብቃሉ፤ ወንድማቸው ያለ ፔጆዋ አይሄዱም፤ ፔጆዋን ሙሣ ያለ መርፌ አይለቅም።»

በድሉ ከየወዳደቀው መኪና የለቀማቸውን መርፌዎች ጨርቅ ላይ ደርድሯል። «እነሱስ ደርሰዋል» አላት። «የሚቀመጡበት ሰሌዳ ግን ሊቀረጽ ቶርኖ ቤት ገብቷል። ያለ ሰሌዳ ምን ላይ ልግጠማቸው?»

ቶርኖ ቤት ደረሰች። የቶርኖው ባለቤት ኡጋዝ ማሽኑን አጥፍቶ ሰማት። «ኡጋዝ፣ ሰሌዳውን ስጠኝ። እትዬ የሺመቤት ወንድማቸውን ይጠብቃሉ፤ ወንድማቸው ያለ ፔጆዋ አይሄዱም፤ ፔጆዋን ሙሣ ያለ መርፌ አይለቅም፤ መርፌውን በድሉ ያለ ሰሌዳ አይገጥምም።»

ኡጋዝ ሰሌዳውን አነሳው። አሉሚኒየሙ ያበራል፣ ቀዳዳዎቹ ልክ እንደ ሳንቲም ክብ ናቸው። «እኔ ጨርሻለሁ። ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር የተጻፈበት ገጽ ይፈልጋል። ከዚያ የፊቱን መስታወት በቀለበት እዘጋዋለሁ፤ አንዴ ከዘጋሁት አይከፈትም፤ በድሉ መርፌውን ከኋላ ነው የሚያስገባው። ባዶ ገጽ ላይ መርፌ ቢዞር ምን ታነቢያለሽ? ጋሽ አጥናፉ ይጻፉበት።» ነጫጭ ክብ ገጾቹን በእጇ አስያዛት።

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። የአክስቷ ልጅ ናት። «እማዬ ውሃም አልቀምስ ብላለች» አለች። «አሁንም ‹መጣ?› ትላለች። የት ደረሳችሁ?»

ምንትዋብ ገና ድሬዳዋን አልለቀቀችም። «እየመጣን ነው» ብላ ዘጋችው።

ጋሽ አጥናፉ የከዚራ ሰፈርን የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ የጻፉ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ብሩሾቻቸው ቆርቆሮ ውስጥ ደርቀዋል።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ቁጥሩን ይጻፉልኝ። እትዬ የሺመቤት ወንድማቸውን ይጠብቃሉ፤ ወንድማቸው ያለ ፔጆዋ አይሄዱም፤ ፔጆዋን ሙሣ ያለ መርፌ አይለቅም፤ መርፌውን በድሉ ያለ ሰሌዳ አይገጥምም፤ ሰሌዳውን ኡጋዝ ያለ ቁጥር አይዘጋም።»

ሽማግሌው ገጹን አገላብጠው አዩት። «የሙቀቱ ቀይ መስመር ከየት ይጀምራል?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። መርፌው ሲሞቅ የት እንደሚደርስ በድሉ ይለካና ምልክት ያድርግልኝ፤ ያኔ እጽፋለሁ።»

«ምልክት አስደርጌ አመጣልዎታለሁ።»

«በሰው እጅ አይሆንም። ራሱ ይምጣ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ባለቤቴ እንደ ልጇ ነበር የምታየው። ታማ ሳለች ስሙን ትጠራ ነበር። ከቀበርናት ወዲህ ደጄን አልረገጠም። እሱ ሳይመጣ ብሩሽ አላነሳም፣ ልጄ። አንቺን መጉዳቴ ይገባኛል፤ ግን አልችልም።»

ምንትዋብ ወደ በድሉ ተመለሰች። ፀሐይ ማዘንበል ጀምራለች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረችው፦ «እትዬ የሺመቤት ወንድማቸውን ይጠብቃሉ፤ ወንድማቸው ያለ ፔጆዋ አይሄዱም፤ ፔጆዋን ሙሣ ያለ መርፌ አይለቅም፤ መርፌውን አንተ ያለ ሰሌዳ አትገጥምም፤ ሰሌዳውን ኡጋዝ ያለ ቁጥር አይዘጋም፤ ቁጥሩን ጋሽ አጥናፉ ያለ አንተ አይጽፉም።»

በድሉ መፍቻውን አስቀመጠ። «ባለቤታቸው ስትሞት ጅቡቲ ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ። «የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ስመለስ ዛሬ ነገ እያልኩ ቀኑ ገፋ። አሁን በዚያ ሰፈር አላልፍም፣ ዞሬ ነው የምሄደው። ምን ብዬ ልግባ?»

«ምንም አትበል። ገብተህ ተቀመጥ።»

መፍቻውን መልሶ አነሳ።

«በድሉ፣ ዛሬ ካልደረስን አባቴም እንዳንተ ነው የሚሆነው። ዕድሜውን ሙሉ ዞሮ ሲሄድ ልየው?»

በድሉ መርፌዎቹን በጨርቁ ጠቀለለና ተነሳ።

ጋሽ አጥናፉ በሩ ሲከፈት ቀና አላሉም። በድሉ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምንትዋብ ደጁ ላይ ቆማ ስልኳን በእጇ ጨብጣለች፤ እንዳይጮህ ትጸልያለች።

በመጨረሻ ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አሉ። «እዚህ ላይ ሁን። ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም።»

«እኔም አልበላሁም። በኋላ አብረን እንበላለን፤ አሁን ልጅቷን እናድርሳት።»

ምድጃ ላይ ውሃ ተጣደ። በድሉ የመርፌውን ሙቀት መቀበያ ውሃው ውስጥ ነከረና ሽቦውን ከባትሪ አገናኘ። ውሃው ሲሞቅ መርፌው ተነሳ፣ ሲንተከተክ ወደ ላይ ወጣ። በድሉ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ጋሽ አጥናፉ ብሩሹን በናፍጣ አለሰለሱት። የመጀመሪያው ቁጥር ተንጋደደባቸው፤ ጠርገው ደግመው ጻፉት። ቀዩን መስመር ግን በአንድ ጊዜ አሰመሩት።

ጋሽ አጥናፉ ጻፉ፤ ኡጋዝ ዘጋ፤ በድሉ ገጠመ፤ ሙሣ ቁልፉን ሰጠ፤ ፔጆዋ ተነሳች፤ አቶ ክንፈ እግራቸውን ዘርግተው ተሳፈሩ።

ደንገጎ ዳገት መሃል ላይ መርፌው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ምንትዋብ ዳር ይዛ ቆመች።

«አትቁሚ፣ ልጄ» አሉ አባቷ።

«ካልቆምኩ አንደርስም፣ አባዬ።»

ኮፈኑን ከፈተችው። የጭነት መኪኖች እያጓሩ ያልፏቸዋል። አቶ ክንፈ ዓይናቸውን ከመርፌው አልነቀሉም። «ወረደ?» ትላለች ምንትዋብ። «እየወረደ ነው።» «አሁንስ?» «ትንሽ ቀርቶታል።» መርፌው ረግቶ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩን አስነሳች፤ ከዚያ በኋላ ሐረር እስኪገቡ ዳግም አልቆሙም።

ጎረቤቶች አቶ ክንፈን ደግፈው አስገቧቸው። እትዬ የሺመቤት ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት ጀሶውን ነው። መሰበሩን ማንም አልነገራቸውም ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ወደቅሁ።»

«ከየት?»

«ከማንጎ ዛፍ ላይ።»

«በዚህ ዕድሜህ?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ቁጣው ግን አልጠፋም። «በል ቁጭ በል።»

ጀሶው ግን አይታጠፍም፤ መቀመጥ አልቻሉም። እህታቸው ይህን አይተው ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቁ። አቶ ክንፈ ጎናቸው ተጋደሙ። እትዬ የሺመቤት ጋቢያቸውን ወንድማቸው ላይ ሳቡና፣ ለምንትዋብ «ውሃ አምጪልን» አሏት።