የእመት አህዪት ዋርካ ይዘጋ?

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በአንድ ጫካ ሲኖሩ፣ የማኅበር አምሮት ያዛቸው። ጦጣዎች የቀልድ ማኅበር አቋቋሙ። ጃርቶች የሥራሥር ወዳጆች ተባባሉ። ድኩላዎችም ስለ ቅጠል ጣዕም የሚከራከሩበት ማኅበር መሠረቱ። ለእያንዳንዱ ማኅበር መሰብሰቢያ የሚሆን አንድ ዛፍ ሲሰጥ፣ ለእመት አህዪት ትልቅ ዋርካ ደረሳት። የእርሷ ማኅበር የመንገድ አዋቂዎች ይባላል፤ ወንዙን በየት እንደሚሻገሩት፣ ነብር የሚያደባበት ጥሻ የትኛው እንደሆነ የሚነገርበት ነው። ዕድሜ ልኳን ጭነት ተሸክማ የረገጠችውን መንገድ ከእርሷ በላይ ማን ያውቀዋል?

መጀመሪያ ላይ ዋርካው ሥር መቀመጫ ይጠፋ ነበር። እያደር ግን አንዱም ቀረ፣ ሌላውም ቀረ። አህዪት ብቻዋን በየቅዳሜው ትመጣና ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ክረምት ሲገባ በታችኛው መሻገሪያ እንዳትሄዱ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል» ትላለች። መልስ የለም። ጥቂት ትጠብቅና ጆሮዋን ጥላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ዋርካ ለእርሷ ከማኅበርም በላይ ነበር። ጀርባዋ ሳይሆን አፏ የሚፈለግበት ቦታ እርሱ ብቻ ነበር።

በኋላ በጫካው ማኅበር በዛና ዛፍ ጠፋ። አያ አንበሶ ሸንጎ ጠርቶ፣ «ማኅበርተኛ የሌለው ዛፍ ይለቀቅ። አያ ቀበሮ፣ ዞር ዞር ብለህ ባዶዎቹን ንገረኝ» አለ።

ቀበሮ ብልጥ አይደል፣ ዘዴው ወዲያው መጣለት። «ኮቴ አያለሁ ጌታዬ። ኮቴ ካለ ማኅበር አለ፤ ከሌለ የለም።»

ይህን ሲሰማ አያ ጅቦ ደነገጠ። የአጥንት ወዳጆች ማኅበር የሚባል ዛፍ ነበረው፤ የመጣውን አጥንት ሁሉ ብቻውን እየሰለቀጠ ማኅበርተኛውን አባርሯል። ስለዚህ ዛፉን ሲዞር፣ ሲረግጥ፣ ሲንከባለልበት ዋለ። ቀበሮ ሲደርስ መሬቱ አውድማ መስሎ ጠበቀው። «ይህስ የደመቀ ማኅበር ነው!» ብሎ አለፈ። ዋርካው ሥር ግን ከአንዲት አህያ ኮቴ በቀር ምንም አላየም።

በማግሥቱ በሸንጎ ፊት፣ «ባዶው የእመት አህዪት ነው» ብሎ ተናገረ።

«ለእኔ ይሰጠኝ! ማኅበርተኞቼ ቦታ ጠቧቸዋል» አለ ጅቦ። ወደ አህዪት ጠጋ ብሎም፣ «አይዞሽ፣ አንቺንም ከነዛፍሽ እቀበልሻለሁ» አላት። ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። አህዪት ግን ዕንባዋ መጣ።

«ጌታዬ፣ መዝጋቱስ ይዘጋ» አለች። «ግን መንገዱን ለማን ልንገረው? ስሞት አብሮኝ ይቀበር?»

አንበሶ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ለመሆኑ አያ ቀበሮ፣ ደጃፉ ላይ ቆመህ ተጣርተሃል?»

«ምን ብዬ ጌታዬ?»

«‹ቤቶች!› ብለህ ነዋ! የጎረቤት ደጅ ደርሰህ፣ ሳትጣራ ‹ማንም የለም› ብለህ ትመለሳለህ?»

ቀበሮ አፈረ። ሸንጎው ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ጅቦ ዛፍ ሄደ። «ቤቶች!» አለ ቀበሮ። ዝም። «ኧረ ቤቶች!» አሁንም ዝም። ጅቦ ቢጨንቀው ከቀበሮ ጀርባ ሆኖ፣ «አለን! ግቡ!» ብሎ ጮኸ። አንበሶ ሳቁን እየዋጠ፣ «እስከ ዛሬ ለሰጠን ጥላ ዛፉን አመስግነን፣ ለአዲስ ማኅበር እንስጠው» አለ።

ከዚያ ዋርካው ዘንድ ደረሱ። «ቤቶች!» ዝም። አህዪት ዓይኗን ጨፈነች። «ኧረ ቤቶች!» ይሄኔ ከላይ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

«አለን! እዚህ ነን!»

ጉሬዛዎች ናቸው። ጉሬዛ ደግሞ መቼ መሬት ይወርድና ኮቴው ይታያል! ከጫካው ዳር ሳይቀር በቅርንጫፍ እየተሸጋገሩ፣ በየቅዳሜው ሲሰሟት ኖረዋል። አንዲት ጉሬዛ ልጇን አቅፋ ወደ ታችኛው ቅርንጫፍ ወረደች።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ወደ ማዶ ስሻገር የነብሩን ጥሻ የዞርኩት በአንቺ ቃል ነው። ይህ ልጅ የተረፈው በአንቺ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ‹ሰማን› ብትሉኝ?»

«‹ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም› ተብለን ያደግን ነን። አንቺ በምታውቂው ላይ እኛ ምን እንጨምራለን? ዝምታችን ልብሽን መስበሩን ግን አላወቅንም፤ ይቅር በይን።»

አህዪት ሽቅብ አየች፤ ቅርንጫፉ ሁሉ በጉሬዛ ተሞልቷል። «ለካ ጭነት የለመደ አንገት ቀና ብሎ አያይም» አለች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

ዋርካው ሳይዘጋ ቀረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥታ ስለ ላይኛው ገደል ነገረቻቸው። ከላይ ትንፍሽ ያለ የለም፤ ጉሬዛ መቼም ጠባዩን አይለውጥም። እርሷ ግን «ተመስገን» ብላ ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው ዝም ያለ ሁሉ የሌለ አለመሆኑን፣ የማኅበርንም ደጅ ከመዝጋት በፊት ቆሞ መጣራት እንደሚገባ ነው።