እንዳትለቂ

አንድ የገበያ ከተማ ውስጥ አንድ የካራቴ ማስተር ነበር፤ ዘርጋው ይባላል። የመድረኩን መጋረጃ አይጥ በጨረሰው አሮጌ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አስተምሯል። በከተማው እሱ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ያልነሳ ጎረምሳ የለም ማለት ይቻላል።

ማስተር ዘርጋው በብዙ ነገር ይታወቃል፤ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን እጁን ይዞ ማስቀረት የቻለ ሰው ባለመኖሩ ነው። ተማሪ በሁለት እጁ የማስተሩን የእጅ አንጓ ይይዛል። ማስተሩ ክንዱን ዞር ያደርጋል። ያ ተማሪ ፍራሹ ላይ ይገኛል። ያየ ያጨበጭባል። ተማሪዎቹም እርስ በርሳቸው እንደዚያው ይለማመዳሉ፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ዞር ያደርጋል፣ የያዘው ይለቃል። ጎንበስ ይባባሉና ተራ ይቀይራሉ።

ወደዚህ ቤት አንዲት ልብስ አጣቢ መጣች። ስሟ ትርንጎ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሆቴል ብርድ ልብስና አንሶላ ወንዝ ወርዳ እያጠበች የምትኖር ሴት ናት። ካራቴ አምሯት የመጣች እንዳይመስላችሁ። ከወንዙ ስትመለስ፣ ባህር ዛፉ ሥር፣ አንድ ሰውዬ ይጠብቃታል። «አግቢኝ» አላት፤ «አላገባህም» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ፣ አንሶላ የሚታጠብበትን ቀን ለይቶ፣ እየጠበቀ እጇን ይይዛታል። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፤ በኋላ መጎተት ጀመረ። ለሽማግሌዎች ብትነግር «ወዶሽ እኮ ነው» አሏት። ለሕግ ሰው ብትነግር «እጅ መያዝ ብቻ ነው?» አላት። ለዘመዶቿ ብትነግር «መንገድ ቀይሪ» አሏት።

«ወንዙ መንገድ ሲቀይር እኔም እቀይራለሁ» አለችና ካራቴ ቤት ገባች።

«ጋሽ ዘርጋው፣ እኔ መራገጥ አልፈልግም። የተያዘ እጅ ማስለቀቅ ብቻ ያስተምሩኝ።»

«ማስተር በይ!» አላት አምሳሉ ከጎን። አምሳሉ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ፣ ከማስተሩ ቀጥሎ የቤቱ ታላቅ ተማሪ ነው።

«ማስተር ጋሽ ዘርጋው» አለች፤ ሁለቱንም ላለማስቀየም።

እስክትችል ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ከሰው ጋር እየተመለሰች ስድስት ወር ተማረች። ጎበዝ ሆነች። ዞር ስታደርግ ትንሹም ትልቁም ይለቃል፤ አምሳሉ ራሱ ይለቃል። ቢጫ ቀበቶ ታጠቀች። እንዲያውም ብቻዋን የምትሞክርበት ሐሙስ ራቀባት።

ሐሙስ ደረሰ። ሰውየው ያዛት። እንደተማረችው ዞር አደረገች። አልለቀቀም። ደግማ ዞር አደረገች። ሳቀ።

«ይሄ ደግሞ የየት አገር ጭፈራ ነው?» አላት።

ደግነቱ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ደረሱና ጮኹ። እጇን ወርውሮላት፣ «የሚመጣው ሐሙስ ባጃጅ ይዤ ነው የምመጣው፤ አንሶላሽንም አንቺንም» ብሏት ሄደ።

በማግስቱ ትርንጎ አዳራሹ መሃል ቆማ የጠቆረ አንጓዋን አሳየች። «እዚህ ይለቃል፣ እዚያ አይለቅም። እጄ ያው እጄ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?»

መልስ ሞልቶ ነበር። አንዱ «እግርሽን አልከፈትሽ ይሆናል» አለ። ሌላው «አልጮህሽማ» አለ። አምሳሉ ደግሞ «ሠላሳ ዓመት የሠራ ነገር አይሳሳትም፤ አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው» አላት።

«እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ይሁን። የቱ ጋ እንደሆነ አሳዩኝ።»

አምሳሉ ያዛት። ዞር አደረገች። ለቀቀ። «ይኸው! ይሠራል» አለ። ከዚያ የጠቆረውን አንጓዋን አየ። እሷ ግራ ገባት፣ እሱም ግራ ገባው። ሌላው ያዛት፤ ለቀቀ። ሦስተኛውም ያዛት፤ ለቀቀ። በሠራ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ጠፋባቸው።

ይህን ሁሉ ማስተር ዘርጋው ቆሞ ያያል። በመጨረሻ «አምሳሉ፣ ና ያዘኝ። ጠበቅ አድርገህ» አለ።

አምሳሉ ያዘ። ማስተሩ ዞር አደረገ። አምሳሉ ፍራሹ ላይ ነው።

«ለቀቅከኝ ወይስ አስለቀቅኩህ?»

አምሳሉ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጦ አየው። «ማስተር… እጄ ራሱ ነው የለቀቀው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«አላውቅም፣ ማስተር።»

«እንደገና ያዝ። አሁን እንዳትለቅ።»

አምሳሉ ጥርሱን ነክሶ ያዘ። ማስተሩ በዚህ ጊዜ ክንዱን አላዞረም፤ ትከሻውን ብቻ ነቅነቅ አደረገ። አምሳሉ ወደቀ። ከኋላ አንዱ በልማድ አጨበጨበና መሃል ላይ አቆመ።

ማስተሩ የቀሩትንም ተራ በተራ ጠራ። ሁሉም ላይለቁ ምለው ያዙ፤ ሁሉም ለቀቁ። ሠላሳ ዓመት የተማመነበት ክንዱ እንደ ሰው ዕቃ ከበደው። ብርቱ ነው? ደካማ ነው? የሚነግረው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቅም አልነበረም።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ ብትሉ፣ በክፋት አልተጀመረም። ድሮ ማስተሩ ጎረምሳ ሳለ ክንዱን ሲያዞር የእውነት ያማል። የያዘው ተማሪ እንዳይሰበር ፈጠን ብሎ ይለቅ ነበር። እሱን ያየው ቀጣዩ ይበልጥ ፈጠነ። ታላቅን አጥብቆ ይዞ ማስጨነቅ ነውር ተባለ። እየቆየ፣ ሳያም በፊት መልቀቅ ሆነ፤ ከዚያም ሲይዙ ጀምሮ ለመልቀቅ መያዝ ሆነ። ልብ በሉ፤ አንድም ሰው አልዋሸም። ውሸቱ ግን አዳራሹን ሞልቶት ነበር።

«እኔ ልያዝዎት?» አለች ትርንጎ።

«አንቺ ቢጫ ቀበቶ!» አለ አምሳሉ።

«የምይዘው በእጄ ነው፤ በቀበቶዬ አይደለም።»

ያዘችው። ይህች ሴት ውኃ የጠጣ ብርድ ልብስ ለብቻዋ ስትጨምቅ የኖረች ናት። ማስተሩ ዞር አደረገ፤ እጁ ባለበት ቀረ። በሌላ በኩል ዞረ፤ እጁ ባለበት ቀረ። ጎተተ፤ ትርንጎ አብራው ተጎተተች እንጂ አልለቀቀችም። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ። አንዱ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሌላው የተስተካከለውን ፍራሽ ያስተካክል ጀመር።

«ልቀቂ አንቺ ሴትዮ! አታፍሪም?» አለ አምሳሉ።

«እንዳትለቂ» አለ ማስተሩ፣ ቀስ ብሎ።

«ልቀቂ እኮ ነው የምልሽ!»

«እንዳትለቂ።»

ትርንጎ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ኧረ የማንን ልስማ! እሱ ልቀቂ ይለኛል፣ እርስዎ አትልቀቂ ይሉኛል፤ ፊትዎ ደግሞ ቲማቲም መስሏል። ያምዎታል?»

«ያመኛል።»

«ታዲያ ልልቀቅ?»

«ሐሙስ ዕለት ያ ሰውዬ አሟታል ብሎ ለቀቀሽ?»

ከዚህ በኋላ እንኳን ልትለቅ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ከብርድ ልብሱ እንደምታወጣ አድርጋ ጨመቀችው።

ማስተር ዘርጋው መጎተቱን ተወ። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። በተማሪዎቹ ፊት፣ በገዛ ቤቱ፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ወደ ኋላ አልሄደም፤ ወደ ትርንጎ አንድ እርምጃ ገባ። ክርኑ ወደ ደረቷ ቀረበ፣ የእጁ አንጓ በአውራ ጣቷ በኩል ተጠማዘዘ፣ ጭብጧ በዚያ በኩል ተከፈተ። እጁ ወጣ፤ ቆዳው ትንሽ ቀረ።

«እግሬ!» አለ ማስተሩ። «እግሬን ረስቼው ነበር። ድሮ ወደ ያዘኝ ሰው አንድ እርምጃ ገብቼ ነበር የማዞረው። የሚይዘኝ ሲጠፋ እርምጃው የት ሄደ? ራሴም ተውኩት፣ እናንተንም ያለሱ አስተማርኩ።»

ደስ ያለው እንዳይመስላችሁ። ፍራሹ ላይ ተቀምጦ የተላጠ አንጓውን እያየ፣ «ስንቱን ነው እንዲህ አድርጌ ‹ተምረሃል፣ ሂድ› ብዬ የሸኘሁት?» አለ። 

እስከ ሐሙስ ድረስ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ፤ ትርንጎም ሌሎቹም እርምጃውን ተለማመዱ። በትሕትና የለቀቀ አዳራሹን ይጥረግ ተባለ። አምሳሉ ሦስት ቀን ጠረገ፤ እጁ አሁንም ራሱ እየለቀቀ። በአራተኛው ቀን ማስተሩን ይዞ ሲያስጨንቀው ላብ በላብ ሆኖ፣ «ይቅርታ ማስተር፣ ይቅርታ ማስተር» እያለ ነበር፤ ግን አልለቀቀም። ገበያ ውስጥ የሁሉም አንጓ ጠቁሮ ሲታይ «ካራቴ ቤት ተጣልተዋል» ተባለ።

ሐሙስ ጠዋት አምሳሉ «እንሸኝሽ» አላት።

«ዛሬን ትሸኙኛላችሁ። የሚቀጥለውን ሐሙስስ?» አለች።

ቢሆንም እሱና ማስተሩ ከወንዙ መንገድ መታጠፊያ ወዲያ ራቅ ብለው ቆሙ።

ባጃጁ ባህር ዛፉ ሥር ቆሟል። ሰውየው ወረደ፣ መጣ፣ ያዛት። መላ አካሏ «ወደ ኋላ ጎትቺ፣ ሽሺ» አላት። ትርንጎ ግን ልትስመው የመጣች ይመስል አንድ እርምጃ ገባችበት። ሰውየው ይህን አልጠበቀም። ክርኗ ቀረበ፣ አንጓዋ ተጠማዘዘ፣ እጇ ወጣ። ወዲያው ጆሮው ሥር አንድ ጩኸት ጮኸችበት፤ ባህር ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሡ።

ሰውየው አልተከተላትም። ባዶ እጁን አገላብጦ ያይ ነበር፤ ልክ እንደ አምሳሉ። ቀና ሲል ሁለት ሰዎች ከመታጠፊያው ሲመጡ አየ። ባጃጁ ውስጥ ገባ፤ አልነሳለት አለ፤ ወርዶ እየገፋ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ የአንሶላ ቀን ብቻ ሆነ።

ማስተር ዘርጋውም በአዳራሹ በር ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «እዚህ የተማራችሁ ሁሉ ተመለሱ። ያስተማርኳችሁ ጎደሎ ነበር።» አንዳንዶቹ መጡ። አንዳንዶቹ «ቀበቶዬን ሊቀማኝ ነው» ብለው ተቀየሙ። ያልሰሙም አሉ፤ ዛሬም አንድ ቦታ፣ ጎደሎውን ይዘው፣ ሙሉ ነኝ ብለው እየሄዱ ነው። ማስተሩን ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ወዳጆቼ፣ እኛስ? አለቃችን ሲቀልድ እንስቃለን። ባለጸጋው ሲያዜም እናጨበጭባለን። ልጃችን የጻፈውን ሳናነብ «አንበሳ!» እንላለን። ይህን ሁሉ ክብርና ፍቅር እንለዋለን። ዓለም ግን ባህር ዛፉ ሥር እንደቆመው ሰውዬ ነው፤ ይሉኝታ አያውቅም። በይሉኝታ የለቀቅነው ሰው መንገድ ላይ ሲያዝ ዕዳው የማን ነው? የሚያከብረን የሚለቀን አይደለም፤ ጎደሏችንን በቤታችን፣ በፍራሽ ላይ እንድናገኘው አጥብቆ የሚይዘን ነው።

እስቲ እጃችሁን እዩት። ለመጨረሻ ጊዜ አጥብቆ የያዘው ሰው ማን ነበር? ተቆጥታችሁ አባረራችሁት? እንግዲያው ፈልጉት፤ እጃችሁንም ስጡት። ሲያማችሁ፣ ሰው ሁሉ «ልቀቅ» ሲለው፣ እናንተ «እንዳትለቅ» በሉት።